ኤዶ ሆደን «ቶል» ስትለኝ

እርጥብ ሱፍ ፍየል ፍየል ይሸታል። የሚያምር ትዝታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ምን ላድርግ፣ የኔው እሱ ነው።

በቅርቡ ለስራ ኢንተርቪው ድሬዳዋ ሄጄ ነበር፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ፋብሪካ። ከተመረቅኩ ወዲህ «እንደውልልሻለን» የሚል ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። እነሱም እንደውልልሻለን አሉኝ። ተናድጄ ባጃጅ ያዝኩና ታይዋን ገበያ ወረድኩ፣ ልገዛ ሳይሆን ዝም ብዬ ልዞር። እዛ እያለሁ ዝናብ መጣ። የድሬ ዝናብ ደግሞ አያስጠነቅቅም። ሰልባጅ ሻጮቹ ላስቲክ እስኪያለብሱት ድረስ መሬት ላይ የተከመረው ሹራብ በሙሉ በሰበሰ። ያ ሽታ መጣ። ቆምኩ። አንዱ ሻጭ «እህት፣ ምን ልስጥሽ? ነይ ግቢ፣ በሰበስሽ እኮ!» ይለኛል። እኔ እንደገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኛለሁ።

አባቴ ገና ሳላውቀው ነው የሞተው። እናቴ አረብ አገር ስትሄድ «ለአንድ ዓመት ነው» ብላ ለኤዶ ሆደን ሰጠችኝ። ኤዶ ሆደን መጋላ ሰፈር ውስጥ የተከራየንበት ግቢ ባለቤት ናት። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። ኤዶ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፣ እኔም እውነተኛ አክስቴ ትመስለኝ ነበር። እሷ ትሰግዳለች፣ እኔ አንገቴ ላይ ማተብ አለ፣ እሷ በሶማሊኛ ትቆጣለች፣ እኔ በአማርኛ አለቅሳለሁ፣ ግን አንድም ቀን «እንዴት ነው ነገሩ?» ብዬ አልጠየቅኩም። (እናቴ ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሳለች፣ ደህና ናት፣ ይሄ የሷ ታሪክ አይደለም።)

ስሜ ትዕግስት ነው። አትሳቁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፣ የኔ መልአክ ያን ቀን ስራ አልገባም መሰለኝ። ምግብ ሳይበርድ እጎርሳለሁ፣ ምላሴን አቃጥላለሁ። ጫማዬን ሳላስር እሮጣለሁ፣ እወድቃለሁ። ይሄን የምለው ራሴን ለማሳነስ አይደለም፣ በኋላ ለሆነው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ኤዶ ሹራብ ትሰራ ነበር። በዛ ሙቀት! ሰው በስስ ሽቲ ቀሚስ ተቃጠልኩ እያለ እሷ የግቢው ኒም ዛፍ ስር ቁጭ ብላ ሱፍ ታፋዋ ላይ ትከምራለች። ልጅ ሆና ከዚራ ሰፈር፣ አንድ የባቡር ሰራተኛ ፈረንጅ ቤት ተቀጥራ ሚስትየዋ ናት ያስተማረቻት። ብዙውን ጊዜ የምትሰራው የህፃን ኮፍያና ካልሲ ነው፣ ለሱቆች። በዛ ዓመት ግን፣ ሙቀቱ ገና ሲጀምር፣ ብርድ ልብስ ጀመረች።

አዲስ ክር አትገዛም። ታይዋን ሄዳ የሰልባጅ ሹራብ ትገዛለች፣ ትተረትረዋለች። ሱፍ ይሁን ላስቲክ ለማወቅ ከጫፉ አንድ ክር ትመዝና በክብሪት ትለኩሰዋለች። ፀጉር ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው። ከቀለጠ አይሆንም።

«ኧረ ኤዶ! ሱቄን ልታነጂው ነው እንዴ?» ይላታል ሻጩ።

«ዝም በል አቦ! ላስቲክ ይዘህ ሱፍ ትላለህ። አላህን አትፈራም?»

«ሱፍ ነው ወላሂ!»

«እንግዲያው ምን አስፈራህ? ክብሪቱን ያዝልኝ።»

እኔ በሀፍረት ከልብስ ክምር ኋላ እደበቃለሁ።

ቤት ስንደርስ የእኔ ስራ ይጀምራል። እሷ ትተረትራለች፣ እኔ ሁለት እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ፣ ክሩን ክንዴ ላይ ትጠቀልለዋለች። ከሹራብ የተተረተረ ክር ልክ እንደ ኢንዶሚ የተጠማዘዘ ነው። ስለዚህ ታጥበውና ታች ድንጋይ አስራበት ኒሟ ላይ ትሰቅለዋለች፣ እስኪቃና። ሲደርቅ ልቃቂት ይሆናል። ግቢው በሙሉ ያ ፍየል ፍየል የሚል ሽታ። ክንዴን ያሳክከኛል፣ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ታርፋለች፣ እጄን ማውረድ ክልክል ነው።

ብርድ ልብሱ ልሙጥ አልነበረም። አንዱ ቦታ ጎርበጥበጥ ይላል፣ እሱን ጠጠር ትለዋለች። አንዱ ቦታ ሩዝ የተበተነበት ይመስላል። መሀሉን እየተጠላለፈ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ወፍራም ነገር አለ፣ እሱ ሽሩባ ነው። ቀለሙ ግን ዝም ብሎ ግራጫ ነበር፣ የተገኘው ሹራብ እሱ ስለሆነ። እኔ ቀይ እፈልጋለሁ፣ አበባ እፈልጋለሁ።

«ማን ያየዋል ይሄን? አስቀያሚ ነው» አልኳት።

«ሰው ሲተኛ ዓይኑ ክፍት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ! ብርድ ልብስ በእጅ ነው የሚታየው። አይንሽን ጨፍኚ።» እጄን ይዛ ሽሩባው ላይ አስኬደችው። «አየሽ?»

አየሁ። ግን አላልኳትም።

ከዛ መርፌዎቹን ሰጠችኝ። ጠጠሩንና ሽሩባውን አታስነካኝም፣ ከዳር ያለውን ሩዙን ብቻ ነው የምሰራው፣ በቀን ሁለት ረድፍ። አንዴ ከፊት ማንሳት፣ አንዴ ከጀርባ ማንሳት፣ በቃ ይኸው ነው። እኔ ቀና ብዬ ዛፉ ላይ ወፍ ሳይ፣ መንገድ ላይ የልጆች ድምፅ ሰምቼ ስፈዝ፣ ኤዶ ጣቷን ወደ መርፌው ጠቁማ «ቶል!» ትለኛለች።

«ቶል» በሶማሊኛ ስፊ ማለት ነው። ስሪ፣ ቀጥዪ ማለቷ ነው። እኔ ሶማሊኛ እችላለሁ ባይ ነበርኩ፣ የምችለው ግን ለብይና ለስድብ የሚበቃውን ነው። ይቺን ቃል አላውቃትም። የመሰለኝ «ቶሎ» ልትል ፈልጋ ነው። ኤዶ የአማርኛ ቃል ጫፍ የመዋጥ ልማድ ነበራት፣ «ውሃ አምጪ» ስትል «ውሃ አም» ነው የሚሰማው። ስለዚህ «ቶል» ማለት «ቶሎ» ነው፣ አለቀ። እኔን ደግሞ ቶሎ በሉኝ ብቻ! መርፌውን አስሮጠዋለሁ። አንዱን ዘልዬ ሁለት አነሳለሁ፣ የጣልኩትን ሳላነሳ አልፋለሁ።

እሷ ታየዋለች። መርፌውን ትመዝና እኔ የሰራሁትን በሙሉ ትተረትረዋለች። ዝርርርርር። ከዛ ትመልስልኝና «ቶል» ትላለች።

ልታሳብደኝ ነው የምትፈልገው ብዬ ነበር። ቶሎ ትለኛለች፣ ቶሎ ስሰራ ታፈርሰዋለች። ትልቅ ሰው እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት። ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ... አልጠየቅኩም። የሚጠይቅ ሰው ቆም ማለት አለበት፣ እኔ ቆሜ አላውቅም።

ፊት ለፊታችን አባባ ንጉሴ ነበር፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ሰራተኛ፣ አምስት ቋንቋ የሚያወራ፣ ከሰዓት ከሰዓት ኤዶ ግቢ ጥላ ፍለጋ የሚመጣ። አንድ ቀን ሲያየኝ ሳቀ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ።»

«እሷ ናት የፈታችው!» አልኩት።

«እህ፣ እሱማ አይቻለሁ።»

መጋቢት ውስጥ ይመስለኛል፣ ኤዶ ስልክ ስታወራ ሰማኋት። በአማርኛ ነበር፣ ስለዚህ ጆሮዬን አቆምኩ። «ብርድ ነው አይደል እዛ?» አለች። «በጣም?... ሀዬ። ሀዬ። ትምህርቱ ይለቅ እንጂ። ሰኔ ነው የሚዘጋው።» (ሀዬ እሺ ማለት ነው።) ስትዘጋው «ማን ነው?» አልኳት።

«ሰው።»

«ብርድ ልብሱ ለማን ነው?»

«ብርድ ላለበት።»

በቃ፣ ገባኝ። እናቴ ናት! እናቴ ከገና ጀምሮ አልደወለችም። አረብ አገር ከድሬ የባሰ ሙቀት መሆኑን ማን ነገረኝ? ለኔ ውጭ አገር ማለት ቴሌቪዥን ላይ የማየው ነው፣ ነጭ በረዶ፣ ካፖርት፣ ከአፍ የሚወጣ ጭስ። እናቴ በርዷታል፣ ስለበረዳት ነው ያልደወለችው፣ ብርድ ልብሱ ሲደርሳት ትደውላለች። ኤዶ ደግሞ ዝም ያለችው እንዳልጨነቅ ነው። ስለዚህ ቶሎ ማለቅ አለበት። ከዛን ቀን ጀምሮ ሁለት ረድፍ አይበቃኝም አልኩ። ከትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ ኒሟ ስር እሮጣለሁ። እሷ ደግሞ ስህተቴን እያየች ትተረትራለች፣ እኔ እያለቀስኩ እደግመዋለሁ።

ሌላም የተሳሳትኩት ነገር አለ። ኤዶ ስጋ አትሰጠኝም ነበር። ለራሷ ስትሰራ ለእኔ በትንሽ ድስት ለብቻ ምስር ወይ ሽሮ ትሰራለች። ማንኪያዬ ራሱ የብቻዬ ነው። ገናና ፋሲካ ሲሆን አባባ ንጉሴ ቤት ትልከኛለች፣ እዛ እጠግባለሁ። እኔ ስስታም ናት ብዬ ደምድሜ ነበር። የጎረቤት ልጆችንም ነግሬያለሁ፣ «ስጋ ትደብቀኛለች» ብዬ። ሰምታ ይሆናል። ግቢው ትንሽ ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ጋሼ ታምራት መጣ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ የደብረ ብርሃን አስተማሪ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ነው ያየሁት። በዛ ሙቀት ካፖርት ለብሷል፣ ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል፣ «አውልቀው እንጂ» ሲሉት «ደህና ነኝ» ይላል። ለኔ ቆሎ አመጣልኝ። አባባ ንጉሴን ጠሩት፣ እንደ ሽማግሌ መሀል እንዲቀመጥ። ኒሟ ስር ምንጣፍ ተነጠፈ። ብርድ ልብሱ ከነመርፌው ኤዶ ጎን ነበር፣ አንድ ክንድ ያህል ይቀረዋል።

ጋሼ ታምራት ኤዶን «እርስዎ» ይላታል። ድሬ ውስጥ እርስዎ የሚባል ሰው የለም፣ እሷ ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ መስሏት ሁለት ጊዜ ዞረች። እኔ ሳቄን ያዝኩ።

«የመጣሁት ልጅቷን ልወስድ ነው» አለ። «ለአንድ ዓመት የተባለው ሊያልፍ ነው፣ እናቷ ድምጿ ጠፍቷል። በመጋቢት በስልክ እንደተነጋገርነው።»

ብርድ የተባለው ደብረ ብርሃን ነበር። ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ። ስለ እናቴ አልነበረም። ግን እሱን ለማሰብ ጊዜ አልሰጡኝም።

«እዚህ ምን ጎደላት?» አለች ኤዶ።

«ምንም። አይቻለሁ፣ ምንም አልጎደላትም። ግን የወንድሜ ልጅ ናት። ሰውስ ምን ይለኛል?» ትንሽ አፈረና ወደኔ ዞረ። «ትዕግስት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ ቤት ስጋ... በልተሻል?»

በመጨረሻ አንድ የሚጠይቅልኝ ሰው! «አንድም ቀን!» አልኩ ጮክ ብዬ። «አንድም ቀን ሰጥታኝ አታውቅም! ለብቻ ድስት ምስር ብቻ ነው!»

ጋሼ ታምራት ብድግ ብሎ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ለኤዶ ጎንበስ አለላት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ድምፁ ተለወጠ። ስላስራበችኝ ነው የሚያመሰግናት? ተናደድኩ።

«አማና ነው፣ አደራ» አለች ኤዶ። «እናቷ በክርስትናዋ ሰጠችኝ። በክርስትናዋ እመልሳለሁ።»

ከዛ በኋላ የጋሼ ታምራት ድምፅ ላላ። አሁን ሳስበው ያን ሰዓት ሊተወኝ ምንም አልቀረውም ነበር። አባባ ንጉሴም ገብቶታል፣ ወዲያው ገባበት።

«እኔ የምለው፣ ለምን ለልጅቷ አንተውላትም? ከፈለገች ቦርሳዋን ይዛ ትምጣ። ካልፈለገች ቁጭ ትበል፣ አንተም በዓመት በዓመት እየመጣህ እያት። አለቀ።»

«ይሁን» አለ ጋሼ ታምራት። «ደግ ነው። ግን እኔም ዘመድ ሲጠይቀኝ የምለው ያስፈልገኛል። እርስዎ ለልጅቷ ምኗ ነዎት ልበል?»

ኤዶ ብርድ ልብሱን አንስታ ታፋዋ ላይ አደረገች፣ መልሳ አስቀመጠች። አማርኛ ፈልጋ ያጣች ትመስል ነበር። ከዛ እኔን አየችኝ። ቀጥ ብላ፣ እንደዛ አይታኝ አታውቅም። እንዲህ አለች፦

«ቶል።»

ተነሳሁ። ሮጥኩ። ቶሎ በይ ብላኛለቻ! ክፍል ገባሁ፣ ቦርሳዬን ከአልጋ ስር ጎተትኩ፣ ያገኘሁትን ልብስ ጠቀጠቅኩ፣ ዚፑ እምቢ ሲል ተውኩት፣ አንድ ካልሲ እየተንጠለጠለ ሮጬ ተመለስኩ። ምንጣፉ ጫፍ ላይ ስደርስ እያለከለክኩ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ኮርቻለሁ። እንደዛ ፈጥኜ አላውቅም።

አባባ ንጉሴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ሰማሽ አይደል፣ ሆደን» አላት፣ በቀስታ።

«ሰማሁ።»

ዩኒቨርስቲ ሶስተኛ ዓመት ነው ያወቅኩት። የዶርም ጓደኛዬ የጅግጅጋ ልጅ ናት፣ በስልክ ስታወራ «ቶል» ስትል ሰማኋትና «ምን እየሰፋሽ ነው?» ብዬ ቀለድኩባት። ያኔ ስፊ ማለት እንደሆነ አውቄ ነበር። «አይ» አለችኝ፣ «ይሄኛው ሌላ ነው። ቶል ዘመድ ነው። አንድ ደም፣ አንድ ወገን። በአባትሽ በኩል ያሉት።» አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሼ ታምራት ምኗ ነዎት ሲላት፣ ወገኗ ነኝ ነው ያለችው። ደሟ ነኝ። አባባ ንጉሴ ገብቶታል፣ ኤዶም ልጅቷ ቃሉን ታውቀዋለች ብላ ነው የተናገረችው፣ ሰፈሩ በሙሉ ሶማሊኛ ትችላለች ይለኝ ነበርና። እኔም በሰው ፊት፣ ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ፣ ቦርሳዬን ይዤ መጣሁ። ጓደኛዬ ይሄን ስትነግረኝ ኤዶ ሆደን ከሞተች አንድ ዓመት አልፏት ነበር። ስለዚህ ማንን ሄጄ ምን እላለሁ?

ያን ቀን ግን የገባኝ ሌላ ነው። ኤዶ አባረረችኝ። ምረጪ ተባልኩ፣ እሷ ደግሞ ቶሎ ሂጂ አለችኝ። ሰው ሲያባርርሽ አታለቅሺም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ጋሼ ታምራት አባባ ንጉሴ ቤት አደረ፣ አውቶቡሱ በማግስቱ ነው። ኤዶ ያን ከሰዓት ከኒሟ ስር አልተነሳችም። መርፌው ሲጋጭ ይሰማኛል፣ ጢክ ጢክ ጢክ ጢክ፣ እንደዛ ሲፈጥን ሰምቼው አላውቅም። ለአስር ሰዓት ሶላት ተነስታ ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ክፍሌ ውስጥ ቦርሳዬ ላይ ተቀምጫለሁ። አልጠራችኝም፣ አልወጣሁም። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ጫፉን ዘግታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

በማግስቱ የግቢው በር ላይ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ አሳቀፈችኝ። ከባድ ነበር፣ ደረቴን አሞቀኝ።

«ይሄ ለእማዬ አይደለም እንዴ?» አልኳት። እያወቅኩ ነው የጠየቅኳት።

«ያንቺ ነው።»

«መቼ የኔ ሆነ?»

«ከመጀመሪያው ያንቺ ነው። እዛ ብርድ ነው፣ ናያ፣ አንቺ ልጅ። ተሸፈኚ።»

ከመጀመሪያው! አያችሁ? ከመጀመሪያው ልትልከኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ ስሮጥ፣ እያለቀስኩ ስደግም፣ የራሴን መሸኛ ነው ስሰራ የከረምኩት። ልትስመኝ ጎንበስ ስትል ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። ጋሼ ታምራት «ደህና ሁኚ በያት እንጂ» አለኝ። «እንሂድ» አልኩት።

ደብረ ብርሃን ብርዱ ጥርስ አለው። የጋሼ ታምራት ሚስት ብርድ ልብሱን ስታየው «እንዴ! ማን ነው እንዲህ የተጠበበው?» ብላ ጎረቤት ሁሉ ጠርታ አስነካቻቸው። ሴቶቹ ጠጠሩን ይዳስሳሉ፣ በሽሩባው ላይ ጣታቸውን ይነዳሉ። እኔ የማየው የመጨረሻውን አንድ ክንድ ነው። እሱ ላይ ጠጠር የለም፣ ሽሩባው መሀል ላይ ተቆርጧል፣ ዝም ብሎ ልሙጥ ነው። የላላ ነው። የዘለለቻቸው አሉ፣ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። የኔ ስራ ይመስላል። ለኔ አንዲት ስህተት የማታልፍ ሴት ይሄን ሁሉ አልተረተረችውም። ሳየው ያልኩት «ልትገላገለኝ ቸኩላ ነው» ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሌላ ምን ልበል።

በመጀመሪያው እሁድ ደወለች። ጋሼ ታምራት ስልኩን አንስቶ ፈገግ አለ። «ደህና ነን፣ ደህና ነን፣ እርስዎስ?... አዎ፣ ትተኛበታለች። እዚሁ ናት፣ ላቅርብልዎት።» ስልኩን ዘረጋልኝ።

«የለችም በላት» አልኩ።

«ትዕግስት።»

«የለችም በላት አልኩ እኮ!»

ጋሼ ታምራት ውሸት አይችልም። ፊቱ ቀላ፣ ስልኩን መልሶ ጆሮው ላይ አደረገ፣ እኔን እያየ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሷማ... ተኝታለች» አለ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ ልጆቹ ደጅ ኳስ እየተጫወቱ ይጮሃሉ። ስልኩ አሮጌ ስለሆነ ድምፁ ይወጣል፣ ከቆምኩበት ይሰማኛል። እሷም እኔን ሰምታኛለች።

«ሀዬ» አለች ኤዶ። «አትቀስቅሳት።»